ቲማቲም ላይ ያልቀናት ጥንዚዛ

ቃሪያ ላይ ተለቀቀች፤ ተራባች። ኪያር ላይ ተለቀቀች፤ እዚያም ተራባች። ቲማቲም ላይ ስትለቀቅ ግን ደብዛዋ ጠፋ።

ነገሩ የሆነው በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ባሉ አትክልት አምራች ግሪንሃውሶች ውስጥ ነው። አጋሲዝ በተባለችው ከተማ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ራዎርዝ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተመ። ስቴቶረስ የምትባለው ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ የተለቀቀችው ለአንድ ሥራ ነበር፤ የሸረሪት ማይት የሚባለውን ቅጠል መጣጭ ተባይ እንድትበላ። በሦስቱም ሰብሎች ላይ ተባዩ ያው ነው። ጥንዚዛዋም ያችው ናት። የተለየው ተክሉ ነው።

ስለ ተባይና ስለ ጠላቱ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ሁለት ወገን ብቻ ነው፤ በይና ተበይ። ተክሉ ጠቡ የሚካሄድበት ቦታ ሆኖ ይታየናል። ያ ቦታ ራሱ ከሁለቱ ለአንዱ እንደሚያደላ፣ አንዳንዴም ሊረዳው የመጣውን እንግዳ እንደሚያሰናክል ለመረዳት ግማሽ ምዕተ ዓመት ወስዷል። ፍንጩም የተገኘው ተራ በተራ፣ እርስ በርሳቸው ብዙም በማይገናኙ ሰዎች እጅ ነው።

በመጀመሪያ ባለጉዳዮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ባለሁለት ነጥቡ የሸረሪት ማይት ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ነው። አድጋ የጨረሰች ሴት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። መኖሪያዋ የቅጠሉ ጀርባ ነው። መርፌ በመሰለው አፏ የቅጠሉን ሕዋስ ትወጋና ውስጡን ትመጣለች፤ የተመጠጠችው ሕዋስ አረንጓዴነቷን ታጣለች። ስለዚህ ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው ተባዩን ሳይሆን በቅጠሉ ፊት ላይ የተበተኑትን ቢጫና ነጭ ነቁጦች ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ወደ ብርሃን ሲያዞረው በደም ሥሮቹ መካከል እንደ ጭጋግ የሳሳ ድር ያያል፤ ድሩ ውስጥ ክብ ክብ እንቁላሎችና የሚርመሰመሱ ነጥቦች አሉ። አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ከእንቁላል እስከ ሙሉ ማይት የሚፈጀው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። አንዷ ሴት መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። ይህ ፍጡር ከ1,100 በሚበልጡ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ ሲበላ ተገኝቷል፤ ከ90 በላይ የፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮችንም ተላምዷል። በመድኃኒት ብቻ ልርታው የሚል ሰው ውድድሩን የጀመረው ከኋላ ሆኖ ነው።

ስቴቶረስ ደግሞ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ድቡልቡል ያለች ጥቁር ጥንዚዛ ናት። ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውና ክሽክሽ በመብላት የታወቁት ጥንዚዛዎች ዘመዶቿ ናቸው። እሷና የቅርብ ወገኖቿ ግን ከዘመዶቻቸው ተለይተው ማይት ላይ የተካኑ ናቸው። አንዲት አዋቂ ሴት በቀን ከ30 እስከ 60 ማይት ትበላለች። እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ማይቶቹ መሀል ነው። እጯ ስትወጣ ማይቱን ትወጋና የራሷን የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ወደ ውስጡ መልሳ እየላከች ትመጠዋለች፤ የሚቀረው ባዶ ቅርፊት ነው።

የዚህች ጥንዚዛ ዋጋ በደንብ የታወቀው ስትጠፋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በፍራፍሬ እርሻዎች ላይ በብዛት መረጨት ሲጀምር ትል ጠፋ፣ የሸረሪት ማይት ግን ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ መጠን ፈላ። ከምክንያቶቹ አንዱ መርዙ የማይቱን ጠላቶች መጨረሱ ነበር። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አዳምስ ካውንቲ ውስጥ ባለችው ቢግለርቪል የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ የነበሩት ዲን አስኩዊዝና ላሪ ሃል ከዚህ ተነሥተው ሌላ መንገድ ሞከሩ። አዚንፎስ ሜቲል የሚባለውን መድኃኒት የተላመዱ ስቴቶረሶች በፖም ዛፎች ላይ እንዳሉ ታውቆ ነበር። እንግዲያው ገበሬው ማይት ባየ ቁጥር ከመርጨት ይልቅ ጥንዚዛዎቹን ይቁጠር አሉ። አቆጣጠሩም ቀላል ነው፤ የፖሙን ዛፍ ለሦስት ደቂቃ እየዞሩ የሚታዩትን ስቴቶረሶች መቁጠር፣ ከዚያም ቁጥሩን በአንድ ቅጠል ላይ ካለው የማይት ብዛት ጋር ማነጻጸር። ጥንዚዛዋ ከበቃች ገበሬው መርጫውን አስቀምጦ ይጠብቃል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና ከዚያም በኋላ ለፔንሲልቬንያ ፖም አምራቾች ብዙ መድኃኒት አትርፎላቸዋል፤ ኋላ የመጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ጥንዚዛዋን እስኪያመነምኗት ድረስ።

ይህን ሥራ እጅግ አከብረዋለሁ። ግን ስሌቱን ልብ ብሎ ለሚያየው ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ዛፉ የለበትም። በአንድ በኩል ማይት፣ በሌላ በኩል ጥንዚዛ አለ። ዛፉ ሁልጊዜ ፖም ስለሆነ ሌላ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅም አላስፈለገም።

ጥያቄውን የሚያስነሣ ፍንጭ ግን ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ፍሌሽነር የተባለ ተመራማሪ በሪቨርሳይድ የብርቱካንና የሎሚ ዛፎችን ማይት የሚበሉ የሦስት ነፍሳት እጮችን አካሄድ ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተመ። ከሦስቱ አንዷ የስቴቶረስ እጭ ናት። ያገኘው ነገር ለማመን ያስቸግራል፤ እጯ ማይቱን ከሩቅ አታየውም፣ አታሸተውም፤ ሰውነቷ ካልነካው በቀር ስለ መኖሩም የምታውቅ አትመስልም። በአጠገቡ፣ የጸጉር ስፋት ያህል ርቃ ታልፈዋለች። ስለዚህ የዕለት ምግቧ የሚወሰነው ስንት መንገድ በመሄዷ ነው።

መንገዷ ደግሞ የቅጠሉ ገጽ ነው። ለስላሳ ቅጠል ላይ ብዙ ትሄዳለች፤ ጸጉራም ቅጠል ላይ ጥቂት። ፍሌሽነር ስለ አዳኝ የጻፈው ነገር፣ በደንብ ሲያነቡት ስለ ቅጠልም ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ ከኮክ ዛፍ መጣ። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ቫይንላንድ ስቴሽን የነበረው ፑትማን የስቴቶረስን ኑሮ በኮክ እርሻዎች ውስጥ ለዓመታት ያጠና ሰው ነው። ኮክ በቅጠሉ ግርጌ፣ አንገቱ አካባቢ፣ ትናንሽ ዕጢዎች አሉት፤ ከእነሱም ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል። አበባ አይደሉም፤ ንብ ለመጥራት የተሠሩም አይመስሉም። ፑትማን እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፈው ይህ የቅጠል ማር የነፍሳት ምግብ ስለ መሆኑ ነው። ማይት የበሉም ሆኑ ማይት ያጡ አዳኞች ይቀምሱታል። ስቴቶረስ በዚህ ብቻ እንቁላል ልትጥል አትችልም፤ ለዚያ ማይት ያስፈልጋታል። ግን ማይት በሳሳበት ጊዜ በሕይወት ያቆያታል። ዛፉ በክፉ ቀን ጠባቂውን ይቀልባል ማለት ነው። በእኔ እይታ ይህ ጽሑፍ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም፤ ተክሉ ለጥንዚዛዋ የሚሰጣት ነገር እንዳለ በግልጽ ያሳየ ሥራ ነውና።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ባሕር ተሻግሮ ሆላንድ ይገባል። የሆላንድ ግሪንሃውስ ባለቤቶች በዚያን ጊዜ ማይትን የሚዋጉት በሌላ ማይት ነበር፤ ፋይቶሴዩለስ በምትባል፣ ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ላይ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በተገኘች አዳኝ ማይት። ይህች አዳኝ ዓይን የላትም። ዓይን የሌላት ፍጡር በአንድ ሰፊ ግሪንሃውስ ውስጥ ማይት ያለበትን ተክል እንዴት ታገኛለች? ሞሪስ ሳበሊስና ባልደረባው ጥያቄውን በቀላል መሣሪያ ሞከሩት። ባላ የመሰለ የመስታወት ቱቦ አለ፤ መሀሉን እንደዚያው ባላ የሆነ ሽቦ ያልፍበታል። በአንዱ ክንድ በኩል ማይት የበላው ቅጠል ሽታ ይነፍሳል፤ በሌላው በኩል ንጹሕ ቅጠል። የተራበችው አዳኝ ሽቦው ላይ ትደረግና ነፋሱን እየተቃወመች ትወጣለች። መገንጠያው ጋ ስትደርስ ወዴት ትታጠፍ ይሆን? ብዙዎቹ ወደ ተበላው ቅጠል ታጠፉ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ይህ ሲታተም ሽታው የማይቱ ነው ተባለ። የተያዘው ሐሳብ አዳኝ የታዳኟን ጠረን ተከትላ ትሄዳለች የሚል ነበር፤ ማንም ሰው ቢሆን እንዲሁ ባለ ነበር። ማርሴል ዲክ ከሳበሊስ ጋር ሆኖ ጉዳዩን ሲመረምር ግን ያልተጠበቁ ነገሮች ብቅ አሉ። ማይቶቹ ከቅጠሉ ላይ ተጠርገው ከተወሰዱ በኋላም ቅጠሉ አዳኞቹን መሳቡን ቀጠለ። በሰው እጅ የተቀደደ ወይም የተጎዳ ቅጠል እንደዚያ አልሳበም። በተበላው የሊማ ባቄላ ላይ ያሉ፣ ማይት ጭራሽ ያልነካቸው ቅጠሎችም መጥራት ጀመሩ። ከባቄላው ዙሪያ ያለው አየር ተሰብስቦ በኬሚስትሪ ሲመረመር ሊናሎልና ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባሉትን ጨምሮ ጥቂት ንጥረ ነገሮች ተገኙ። የሚያመርታቸው ባቄላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለቱ ተመራማሪዎች ዕፅዋት አዳኝ ማይቶችን እንዴት አጃቢ አድርገው እንደሚያገኙ ጻፉ። ተክሉ ዝም ብሎ እየተበላ የሚቆም ነገር አልነበረም።

ይህ ሐሳብ ከሰማይ አልወረደም። ፒተር ፕራይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ፣ ተክልንና በላተኛውን ብቻ የሚያይ ማንኛውም ትንታኔ ጎዶሎ ነው፣ የበላተኛውም ጠላት መግባት አለበት ብለው ተከራክረው ነበር። የሆላንዶቹ ባቄላ ያን ክርክር በሽታ የሚለካ እውነታ አደረገው።

እስካሁን ግን የተነገረው ስለ አዳኟ ማይት ነው። ጥንዚዛዋስ? ክንፍ ያላት፣ ከእርሻ ወደ እርሻ የምትበር፣ ከሩቅ የምትመጣ እሷ ናት፤ ጥሪ ከተባለም ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእሷ ነው።

መልሱ የመጣው ከዋሺንግተን ስቴት ነው። የያኪማ ሸለቆ የሚታወቅበት አንዱ ምርት ሆፕ ነው፤ ጌሾ ለጠላ የሆነውን ያህል ሆፕ ለቢራ ነው። ሆፕ በረጃጅም ገመድ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ሐረግ ሲሆን፣ በደረቁ የበጋ ሙቀት ዋና ጠላቱ ይኸው የሸረሪት ማይት ነው። በፕሮሰር የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ጀምስ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኙትን ሽታዎች ወደ ሜዳ አወጣቸው። በሚያጣብቁ ካርቶኖች ላይ አንዱን ሽታ ከአንዱ ለይቶ እያንጠለጠለ የሚጣበቀውን መቁጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 እንደዘገበው ስቴቶረስ በሁለት ሽታዎች ተስባለች፤ አንዱ ቅጠል ሲቀጠፍ ከሚወጣው አረንጓዴ ሽታ ወገን ነው፣ ሁለተኛው ያው የባቄላው ሜቲል ሳሊሲሌት። ይህን ሁለተኛውን ሽታ አንባቢ ያውቀዋል፤ ጡንቻ ሲያም ከሚቀቡ ቅባቶች የሚወጣው፣ አፍንጫ የሚያነቃው ሽታ እሱ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጀምስና አንድ የሥራ ባልደረባው ሽታውን ቀስ በቀስ የሚለቁ ከረጢቶች በወይንና በሆፕ እርሻ ውስጥ ሰቀሉ። ሽታው በተሰቀለበት የሆፕ እርሻ የአዳኝ ነፍሳት ብዛት፣ እዚያው እርሻ ሽታ ሳይሰቀል ካለፉት ሁለት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ወደ አራት እጥፍ ደረሰ፤ ስቴቶረስም ከመጡት አንዷ ናት። ማይቱም ጉዳት ከሚያደርስበት መጠን በታች ቆየ። ውጤቱን ሳነበው የሚታየኝ ሰው ከተክሉ የተማረውን ቃል መልሶ ሲናገርና ጥንዚዛዋ ስትሰማው ነው። አንድ ስጋት ግን አብሮት አለ፤ ተክሉ የሚጣራው ማይት ሲኖር ነው፣ ከረጢቱ ግን ማይት ባይኖርም ይጣራል። መጥታ ምግብ ያጣች ጥንዚዛ ተመልሳ ትሄዳለች፤ ደጋግሞ የሸነገላትን ሽታም ልትተወው ትችላለች።

አሁን ወደ ቲማቲሙ። ቲማቲምም ማይት ሲበላው ሜቲል ሳሊሲሌትና ሌሎች የመጥሪያ ሽታዎች ያወጣል፤ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ለክተውታል። ጥሪው ካለ ታዲያ ችግሩ ከደረሰች በኋላ ነው ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ሮትና ፖንሰንቢ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የስቴቶረስን አደን በሙቀት፣ በአየር እርጥበትና በተክሉ ዓይነት ለያይተው መርምረው ነበር፤ ተክሉ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ሊቆጠር የሚገባው ነገር መሆኑ ያኔ ታየ።

በመቂና በዝዋይ ቲማቲም ሲለቅም ወይም ሲገርዝ የዋለ ሰው እጁን ያውቀዋል። ማታ ጣቶቹ አረንጓዴና ጥቁር ሆነው ይገባሉ፤ በሳሙና ሲታጠቡም መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ውኃ ነው። ያ እድፍ የቲማቲሙ ጸጉር ሥራ ነው። ግንዱና ቅጠሉ በተለያዩ ጸጉሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ዓይነት አጭር ዘንግ ላይ የተቀመጠ፣ አራት ሕዋስ ያለው ራስ አለው። ራሱ ሲነካ ይፈነዳል፤ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ እንደ ሙጫ ይይዛል። ለእኛ እድፍ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ለምትሆን ጥንዚዛ፣ በተለይም ማይቱን እስክትነካው ድረስ ብዙ መንገድ መሄድ ላለባት እጭ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ እግር ላይ የሚከማች ሸክም ነው። ፋይቶሴዩለስም ቲማቲም ላይ ይቸግራታል፤ ሆላንድ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ቲማቲም ላይ እንድትራባ ከተደረገች በኋላ ግን የተሻለ መሥራት ችላለች።

ነገሩን የሚያወሳስበው ያው ጸጉር ማይቱንም መጉዳቱ ነው። የዱር ቲማቲሞች ከጓሮው ቲማቲም የበለጠ የሚያጣብቅና የሚመርዝ ጸጉር አላቸው፤ አዳቃዮችም ይህን ባሕርይ ወደ ገበያ ቲማቲም ለማምጣት ለአሥርተ ዓመታት ሲደክሙ ኖረዋል። ግን ጸጉሩ ወዳጅና ጠላት አይለይም። በምርምር ጣቢያ በማይት ቁጥር ብቻ ጎበዝ የተባለ ዝርያ፣ እርሻ ላይ ሲወጣ የማይቱን ጠላት አባሮ ማይቱን ለገበሬው መርጫ ብቻ ሊተወው ይችላል። አዲስ ዝርያ ሲመዘን አዳኙም አብሮ ሊመዘን ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

በአገራችንም ይህ ቁም ነገር ነው። በዝዋይ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ ካሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ውስጥ ፋይቶሴዩለስን ለማይት የሚለቁ አሉ፤ ቅጠል እየገለበጡ ተባዩንና አዳኙን የሚቆጥሩ ሠራተኞችም አሏቸው። ከእነዚህ ግሪንሃውሶች ብዙ ሳይርቅ የመቂና የዝዋይ አነስተኛ ገበሬዎች ሜዳ ላይ ቲማቲም ያመርታሉ፤ በደረቁ ወራት የሚታገላቸውም ማይት ነው። ጽጌረዳው ላይ የተሳካ ነገር ተነሥቶ በቀጥታ ቲማቲሙ ላይ ይሠራል ማለት አይቻልም። ሜዳው ላይ፣ በገበሬው ቲማቲም ቅጠል ላይ መሞከር አለበት።

ጸጉሩን ግን እንደ መሰናክል ብቻ ማየት ልክ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሽቱትጋርት፣ ጀርመን ውስጥ ዳግማር ፎክትና ስታኒስላቭ ጎርብ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ዲሳይፈስ ኤራንስ የምትባልን ትኋን መሰል አዳኝ በጸጉራምና በለስላሳ ገጽ ላይ እያስኬዱ እግሯ የሚይዝበትን ኃይል ለኩ። እግሮቿ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ ሰውነቷን ከሚያጣብቁት ራሶች በላይ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። በጥፍሯ ጸጉሩን ራሱን ጨብጣ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሸጋገረች ትሄዳለች። አጥብቃ የያዘችውም ጸጉራሙን ገጽ ነው፤ ለስላሳው ላይ አያያዟ ደካማ ነበር። በአውሮፓ የቲማቲም ግሪንሃውሶች ውስጥ ዛሬ በብዛት የሚለቀቀው ማክሮሎፈስ የዚህችው የቅርብ ዘመድ ነው። ነጭ ዝንብን ይበላል፣ ማይትንም በመጠኑ፤ የሚያድነው ሲያጣ ደግሞ የቲማቲሙን ጭማቂ እየመጠጠ እዚያው ይቆያል።